በቁሜ የበላሁት ድንኳን

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ጎበዝ! ዓይንህ ተከፈተ» ይለኛል። መከፈቱንስ ተከፈተ፤ ምን አየሁበት? ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጬ የሰው ሻንጣ ስጠግን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ ለእኔ ጌጥ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ግን አንዱ ይከለክለኛል፣ አንዱ ያስፈራራኛል፣ የቀረው ስብሰባ ይጠራኛል። ሳላነብ በነበርኩበት ዘመን ስንቱን ስብሰባ አመለጥኩት።

ያን ስልጠናም የገባሁት አንብቤ ነው። መሬቱ ይንቀጠቀጣል የሚባልበት ሰሞን ነበር። እኛም አንድ ሁለቴ የሻይ ብርጭቆ ከስኒ ማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ አይተን፣ ከባድ መኪና አለፈ ብለን ሻያችንን ጠጥተናል። ቀበሌው በር ላይ ግን «አደጋ ሳይደርስ እንዘጋጅ» የሚል ተለጠፈ። አነበብኩ፣ ገባሁ።

አሰልጣኟ ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ጨዋ ልጅ ነች፤ «አባቴ» ትለኛለች፤ እኔም በዚህ ምክንያት ብዙ ልሰድባት አልቻልኩም። ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ቦርሳ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ውሃ። የሦስት ቀን ደረቅ ምግብ። የእጅ ባትሪ። ሻማና ክብሪት። ሳሙና። ስስ ብርድ ልብስ። የቤት ካርታና መታወቂያ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ፊሽካ።

«ይሄን ቦርሳ ከበር ኋላ ትሰቅሉታላችሁ» አለች። «መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይዛችሁ መውጣት ነው። ሌላ ነገር ፍለጋ መመለስ የለም።»

«ፊሽካው ለምንድን ነው የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ቤት ቢጫናችሁ ትነፉታላችሁ። ሰው ሰምቶ ይደርስላችኋል አባቴ።»

«እኛ ሰፈር ፊሽካ የሰማ ሰው ኳሱ አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ወደኔ ዞራ «ቦርሳው ደግሞ ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት» አለች። ስለ ቦርሳ ለእኔ! ዕድሜዬን በሙሉ የቦርሳ ሆድ ስሰፋ የኖርኩትን ሰውዬ ነካችኝ። እልህ ያዘኝ። በማግስቱ የስፌት መኪናዬን ከፀሐይና ከዝናብ የምጋርድባትን ብቸኛ ሸራዬን አውርጄ፣ መሃል ለመሃል ቀደድኳትና ቦርሳ አደረግኳት። ድርብ ስፌት፣ ወፍራም ዚፕ፣ ሁለት ማንገቻ። ባልዲ ውሃ ቢደፋበት ጠብ አይልም። እኔ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቴ ላይ ካርቶን አድርጌ እሰራ ጀመር። የተዘጋጀ ሰው ማለት እንደዚህ ነው።

ማሸጉ የባለቤቴ ሥራ ሆነ። ብስኩቱን አየችና ሳቀች።

«ይሄ የሕፃን መሸንገያ ነው። ሰው ሦስት ቀን በብስኩት ይውላል?»

«ደረቅ ምግብ ነው የተባለው።»

«ቆጮ ምን ሊሆን ነው? ጉድጓድ ውስጥ ዓመት የሚቀመጥ ምግብ እያለ!»

ሁለታችንም ከጉንችሬ ወገን ነን፤ እንሰት ደጃፍ ላይ ያደግን። ጉድጓድ ውስጥ የሚቆይ ነገር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቦርሳ ውስጥም ይቆያል ብላ በኮባ ጠቅልላ ከተተችው። ቆጮ ደግሞ ያለ ቅቤ አይሆንም አለችና በማርማላታ ጠርሙስ ቅቤ ጨመረች። ሚጥሚጣም። እኔም አልከለከልኳት። እውነቱን ለመናገር በብስኩት መሞት እኔንም አላማረኝም።

ሳምንት ሳይሞላው ቤታችን የማይባል ሽታ ሸተተ። ቆጮው አየር በማያስገባው ቦርሳዬ ውስጥ መፍላቱን ቀጥሎ አብጧል፤ ቅቤው ቀልጦ ክዳኑን አልፎ ወጥቷል። የቤታችን ካርታ፣ ያ ስንት ቢሮ ደጅ የጠናሁበት ወረቀት፣ ቅቤ ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

«ማህተሙ እኮ ይታያል» አለች።

«አዎ፤ ከጀርባውም ይታያል» አልኳት።

ስለዚህ ወደ ብስኩቱ ተመለስን። ብስኩቱም አልበረከተም። ከአገር ቤት የባለቤቴ ወንድም ከነሚስቱ ሳይናገር ከች አለ፤ ቤት ውስጥ ለሻይ የሚቀርብ ነገር የለም። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። የቦርሳውን ዚፕ ድምፅ ሰማሁ። የሠራሁት ዚፕ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ተከትያት ገብቼ «እሱ እኮ የአደጋ ነው!» አልኳት በሹክሹክታ።

«እንግዳ መጥቶ ባዶ ቤት ቢያገኘኝ አደጋ አይደለም? ከዚህ የባሰ ምን አደጋ አለ?»

በእኛ ዘንድ መሬት ተንቀጥቅጦ የገደለው ሰው አላውቅም፤ «የእገሌ ቤት ሄጄ ባፌ አንድ ነገር ሳላደርግ ወጣሁ» የሚለው ወሬ የገደለውን ግን አውቃለሁ። ብስኩቱ ሄደ። ለሚያድሩት እንግዶች ብርድ ልብሱ ወጣ። እጃቸውን የሚታጠቡበት ሳሙናው ወጣ። መብራት ሲጠፋ ሻማው፣ ሻማው ሲያልቅ ባትሪው ወጣ። ባትሪውን ጎረቤት ተዋሰው፤ ጎረቤት የተዋሰው ነገር ደግሞ መታሰቢያ ነው እንጂ ንብረት አይደለም። ከበር ኋላ የተሰቀለው ቦርሳ ግን ያው አምሮበት ተንጠልጥሏል። ሰው ሲገባ ያየዋል። እኔም «የተዘጋጀ ቤት ነው» እላለሁ። ውስጡ ቅቤ የጠጣ ካርታና አንድ ፊሽካ ብቻ እንደቀረ ለማን ይነገራል?

ይህ ሁሉ ያስቃል። ሴት ልጃችን ለመጀመሪያ ወሊዷ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ እስክትመጣ ድረስ እኔም ስስቅ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ባሏ ነጋዴ ነው፣ ሱቁን ትቶ አልመጣም። ወንድ ወለደች። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ሐኪሙ «ብርድ እንዳያገኘው፤ የዚህ ልጅ መድኃኒቱ ሙቀት ነው» ብሎ ሰደደን። ባለቤቴ የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቀች። እኔ በሩን ስከፍት «ነፋስ!» እያለች ትጮህብኛለች። ወደ ገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጎን ነበር የምገባው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ በልቼ ወደ መናኸሪያ ልመለስ ስል፣ መሬቱ ከሥሬ ተንሸራተተ። ከባድ መኪና አይደለም። ጣሪያው ተንኳኳ፣ ሰሃኑ ከመደርደሪያው ወረደ፣ የጭቃው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ እንጀራ ተቀደደ። ባለቤቴ ልጇን፣ ልጄ ልጇን፣ እኔ ቦርሳዬን ይዘን ወጣን። ስልጠናዬን አልረሳሁም።

መንገዱ በሰው ሞልቷል። አንዱ ዶሮ አቅፏል፣ አንዱ ቴሌቪዥን ተሸክሟል፣ አንዷ ባዶ ድስት ይዛ «ለምን ይሄን ያዝኩ?» እያለች ጎረቤት ትጠይቃለች። ቤታችን አልወደቀም፤ የማዕዘኑ ምሰሶ ግን ዘምሟል፤ ቤቱ ለመቀመጥ ወንበር እንደሚፈልግ ሰካራም ያጋደለ ነው። ከቀበሌ በድምፅ ማጉያ «እስኪጣራ ድረስ ማንም ቤቱ እንዳይገባ» ተባለ። ጥሩ። ከዘቢዳር ተራራ በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ እየመጣ ነው።

ባለቤቴ «ቦርሳውን ክፈተው፣ ብርድ ልብሱን አምጣ» አለች።

እሷው ናት ያወጣችው። ሁለታችንም ትዝ ያለን በአንድ ጊዜ ነው። ዚፑን ከፈትኩ። ፊሽካውን አየን።

«ንፋው እንግዲህ» አለችኝ።

ልጄ ግንብ አጥር ተጠግታ ተቀምጣለች። ሕፃኑን ጡቶቿ መሃል ሸጉጣ፣ በነጠላ ላይ ነጠላ ደርባ፣ ዓይኗን ከሰማዩ ላይ አትነቅልም። «አባዬ፣ ሊዘንብ ነው» አለችኝ። ሸራዬ ትዝ አለችኝ። ያቺን ሸራ ባልቀድዳት ኖሮ በሁለት እንጨት ወጥሬ አስጠልላቸው ነበር። አሁን ግን ውሃ የማያስገባ ባዶ ቦርሳ ነች። ዝናብ ቢመጣ ፊሽካው አይረጥብም።

ያኔ ነው የእድራችን ቤት ፊት ለፊቴ መኖሩን ያየሁት። እድራችን የሁሉም ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም ያለበት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያቺ አሰልጣኝ ብታየው የምታለቅስበት ዝግጅት አለ፦ ድንኳን ከነካስማው፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጀሪካን፣ ፋኖስ፣ ድስት፣ ጭልፋ፣ ፍራሽ ሳይቀር። አንድ መንደር ወር የሚኖርበት ዕቃ ነው። እኛ ለአደጋ ሳንዘጋጅ ቀርተን አይደለም። የተዘጋጀነው ለሞተ ሰው ነው። የተረፈው እንደፍጥርጥሩ ይሁን ብለናል።

ቁልፉ የእድሩ ዳኛ ኪስ ውስጥ ነው። ዳኛው ድሮ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ ጸሐፊ ናቸው። ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ቆመዋል። መሬት ተንቀጥቅጦም ክራቫታቸውን አስረው ነው የወጡት።

«ዳኛችን፣ ድንኳኑን ይክፈቱልን» አልኳቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ ኮፍያቸውን እያወለቁ።

«የሞተ የለም። እንዳይሞት ነው።»

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው እንዴት ይሆናል ወንድሜ? ድንኳኑ የሐዘን ነው። ለሠርግ ሲለምኑን እንኳ ከልክለናል። ደንብ አለን።»

«አራሷን አይተዋታል? ልጁ ብርድ ካገኘው ያልቃል።»

«እግዜር ያውጣው። አዝናለሁ።»

«ሲያልቅ ትሰጡናላችሁ ማለት ነው?»

«እሱማ መብታችሁ ነው» አሉ። ምንም ክፋት ሳይኖርበት ነው ያሉት፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ባለባጃጅ «ፋዘር፣ ስበሩት በለን እንስበረው» አለ። ዳኛው ቁልፋቸውን ከውጭ በኩል ዳበሱ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ኮፍያቸው ላይ አረፈች።

እኔም የመጣልኝን ተናገርኩ። «ዳኛችን፣ እኔ ስሞት ድንኳን ትተክሉልኛላችሁ?»

«ያለ ጥርጥር። ነባር አባል ነህ።»

«የኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ስጡኝ። ስሞት አትትከሉልኝ። ሬሳ አይበርደው፣ አይረጥብ።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ጮኸች። «ጠላትህ ይሙት! ምን ዓይነት ሟርት ነው? አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ!»

ዳኛው ግን አልጮሁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ቢሮ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገጽ ሲገለጥ ይታየኝ ነበር። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀድሞ መውሰድን የሚከለክል የለም» አሉ። «ግን በምስክር ፊት ማል።»

እንዲህ ነው ዝናብ እየጀመረ፣ መንገድ ላይ፣ እጄን አንስቼ «ስሞት ድንኳን አልጠይቅም» ብዬ የማልኩት። ባለባጃጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ከሞትክ በኋላ ብትጠይቅስ ማን ይሰማሃል?» አለ። ምስክር ሆኖ የቆመው እሱ ነበር።

ቁልፉ ሲዞር የሰፈሩን ወጣት ማየት ነበር! አንዱ ካስማ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ምሰሶ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ለቀብር የሠለጠነ እጅ ነው፤ ዝናቡ ሳይጠነክር ድንኳኑ ደጃፌ ላይ ቆመ። ልጄን ከነልጇ መሃል አስገባናት። ፍራሹን ልናነጥፍ ስንል መሬቱ ረጥቧል። ቦርሳዬን አወረድኩ፣ ከኪሴ ምላጭ አውጥቼ ያንን ድርብ ስፌት ክር በክር ፈታሁት። ተዘርግታ ሸራ ሆነች፤ ከፍራሹ ሥር አነጠፍናት። የአደጋ ጊዜ ቦርሳዬ ለአደጋ የዋለው ቦርሳ መሆኑ ሲቀር ነው።

ሕፃኑ ሞቀው መሰለኝ፣ ጡት ይዞ ተኛ። ባለቤቴ ጣቷን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትለካለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ታደርጋለች።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብነውም። በእኛ አገር ደጃፍ ላይ ድንኳን ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ከላይ ሰፈር የመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ተከትሎ ገብቶ ወንበር ይዞ አንገቱን ደፋ፤ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤታችን መጣች። ወልቂጤ ለለቅሶ ሄዳ ነበር፤ ከሚኒባስ ወርዳ ስትመጣ የኔን ደጅ ድንኳን ተተክሎበት አገኘችው።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» እያለች ደረቷን እየመታች መጣች። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ገመድ እያጠበቅሁ ነበር፤ አታየኝም። «እኔን! ምላሱ እሬት ነበር፤ እሬት! ሰላምታው እንኳ ስድብ ነበር! ግን ዚፕ ሲሰራ አይሰርቅም ነበር!»

ይኸው ነው። ስሞት የሚባልልኝን በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚህ በላይ ይኖራል ብዬ ገመዱን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። አልነበረም። በሸራው መሃል ብቅ አልኩ።

«እትዬ፣ ደህና ዋልሽ?»

ጩኸቷ ከመሬት መንቀጥቀጡ ይበልጥ ነበር። ሕፃኑ ነቃ። እጇን አፏ ላይ ጭና አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አልሞትክም?»

«ገና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አስለቀስከኝ? ወላሂ፣ ሌላ ጊዜ ብትሞት አልመጣም!»

«ሌላ ጊዜ ድንኳንም የለም» አልኳት።

ተኮሳትራ ወጣች። ቆይታ ግን አንድ ብርድ ልብስና ትኩስ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ተመለሰች። አራሷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከኔ ጋር ግን ሳምንት አኮረፈች። ከእሷ ኋላ የሰፈሩ አሮጊትና ሕፃን ሁሉ ገባ። የኔ ለቅሶ ሞልቶ ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ ዳኛው ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡና ዝናብ የማያንጠባጥብበትን ጥግ መርጠው ተቀመጡ። «ለቁጥጥር ነው» አሉ።

ነገሩ ተረጋግቶ፣ ምሰሶአችን በሌላ ተተክቶ ቤት ስንገባ ልጁን አላሳለውም፣ አላተኮሰውም። አሰልጣኟ ልትጎበኘን መጣችና ከበር ኋላ አየች።

«አባቴ፣ ቦርሳው የታለ?»

«አራስ ተኛችበት» አልኳት።

የምትጽፍበት ቦታ አጥታ እስክሪብቶዋን መልሳ ኪሷ ከተተች።

እድሩ ቆይቶ በጉዳዩ ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ፣ ያ ድንኳን ውስጥ የተጠለለው ሰው ሁሉ፣ ድንኳኑ ለቁም ሰውም ይዋል ወይስ አይዋል ብሎ ሲከራከር ዋለ። «ለቁም ከተሰጠ እኮ ያልቃል፣ ቁሙ ብዙ ነው» አለ አንዱ። ደንቡ እንዳለ እንዲቀጥል ተስማሙ። የኔ መሐላም እንዳለ እንዲቀጥል ተስማሙ። አጨበጨቡልኝም። ሞቴን በልቼ ጨርሼ ጭብጨባ የተቸረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «ባሌ ሜዳ ላይ ሊለቀስለት?» አለችና፣ ከገበያ ሰፊ ሰማያዊ ሸራ ገዝታ ጠቅልላ፣ ቦርሳው ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። «ያንተ ነው። ማንም እንዳይነካው» አለች። እውነትም ማንም አልነካውም። እንግዳ ቢመጣ ሸራ አይቀርብለት፤ ጎረቤትም የሟች ዕቃ አይዋስም። በሕይወቴ ያየሁት ያልተበረበረ የአደጋ ጊዜ ስንቅ እሱ ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ። ልጄ ልጇን ይዛ ለመጠየቅ መጣች፤ ልጁ አሁን ግድግዳ ይዞ ይቆማል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የላላው ቆርቆሮ ያንን ሳምንት ማፍሰስ ጀመረ፤ ጠብታው ከየትም ቦታ መርጦ ሕፃኑ የተኛበት አልጋ ላይ ነው የሚያርፈው። ባለቤቴ ጣሪያውን አየች። ሚስማሩን አየች። እኔን አየችና ዓይኗን ሰበረች።

«አውርጂው» አልኳት።

«የለም፣ ያንተ ነው።»

«አውርጂው ብያለሁ!»

መሰላል ተውሼ ሸራዬን ጣሪያው ላይ ወጠርኩና አራት ድንጋይ ጫንኩበት። እስካሁን እዚያው ነው፤ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። እኔ እንግዲህ ነገሬን አስተካክዬ ለመሞት እየተዘጋጀሁ ነው፦ ከመስቀል በኋላ፣ ክትፎዬን ከበላሁ በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።